ከጉዞው በፊት የሚቆረጥ ውሳኔ
ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለሚዘጋጁ ወጣቶቻችን



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርታችሁን የምትፈጽሙበት ጊዜ ሲቃረብ በየቤታችሁ የሚነገረው ነገር አንድ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም ፈተናው ነው። እናት ስትጸልይ፥ አባት ሲመክር፥ መምህር ሲያስጠነቅቅ፥ ጎረቤት ሲጠይቅ ቃሉ ሁሉ ወደ ፈተናው ያዘነብላል። ይህም አያስገርምም። ሐምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፥ ከ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ ከ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፥ ከ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሩ ጠባብ ስለ ሆነ ሁሉም ዐይኑን በበሩ ላይ ተክሏል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ስለሚገባበት ቤት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እኛም ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ቤቱ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ከቤታቸው ርቀው ወደ ትልቅ ትምህርት ቤት ስለ ገቡ አራት ወጣቶች ይነግረናል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 1 እንደምናነበው ዳንኤል፥ አናንያ፥ ሚሳኤልና አዛርያ ከይሁዳ ተማርከው ወደ ባቢሎን ተወሰዱ። በዚያም በንጉሡ ቤት ሦስት ዓመት እየተቀለቡ የከለዳውያንን መጽሐፍና ቋንቋ እንዲማሩ ታዘዘ። ስማቸው እንኳ ተለውጦ ሌላ ስም ተሰጣቸው። እናት አልነበረቻቸውም፤ ካህን አልነበራቸውም፤ ወደ ቤተ መቅደስ የሚወስድ መንገድም አልነበራቸውም። በአንድ ቀን ከለመዱት ሁሉ ተለይተው በማያውቁት ሕዝብ መካከል ራሳቸውን አገኙ።

እነዚህ ወጣቶች ያደረጉትን በጥንቃቄ ተመልከቱ። ትምህርቱን እንቢ አላሉም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ ተግተው ተማሩት። በአዲሱ ስም ሲጠሩም አቤት አሉ። ነገር ግን ከንጉሡ ማዕድ በመብል እንዳይረክስ ዳንኤል በልቡ ቆረጠ። ሁሉን እንቢ አላለም፤ ሁሉንም እሺ አላለም። ለእግዚአብሔር የሚጠበቀው የትኛው እንደ ሆነ፥ እንደ ጊዜው የሚለወጠውም የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ማስተዋል በባቢሎን የሚገኝ አልነበረም፤ ከአባቱ ቤት ይዞት የሄደው ስንቅ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቁ ነገር የውሳኔው ጊዜ ነው። ገበታው ከቀረበ፥ ባልንጀሮች ሁሉ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ የሚወስን ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ ባልንጀሮቹ ይወስናል። በዩኒቨርሲቲ ግቢም እንዲሁ ነው። ጫቱም፥ መጠጡም፥ የስፖርት ውርርዱም፥ ሌሊቱን በስልክ ላይ ማሳለፉም «አንድ ጊዜ ብቻ» በሚል ቃል ይጀምራል። የሚጋብዘውም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ናፍቆታችሁን አይቶ ያዘነላችሁ የመኝታ ክፍል ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚቀበሉትንና የማይቀበሉትን ለይቶ በልብ መቁረጥ የሚገባው ሻንጣው ሳይዘጋ፥ ገና በቤት ሳሉ ነው።

ሆኖም ዳንኤል የከለከለውን ነገር የከለከለው በስድብ አልነበረም። የበላዩን ሹም በትሕትና ለመነ፤ ለአሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ እየተሰጣቸው እንዲፈተኑም ጠየቀ። እናንተም እንቢ ስትሉ ጓደኛችሁን ሳታዋርዱ፥ ራሳችሁን ከሌላው የተሻላችሁ አድርጋችሁ ሳታሳዩ እንቢ በሉ። ጨዋነት ያለው እንቢታ ወዳጅን አያሳጣም፤ አንዳንድ ጊዜም ብቻውን የፈራውን ሌላ ወጣት ያበረታል።

ሁለተኛው ምክራችን ስለ እውነት ነው። የአገሪቱ ፈተና አስቀድሞ በመውጣቱ በ2008 ዓ.ም. ተሰርዞ እንደገና እንደ ተሰጠ ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮም ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ የተደረገው ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል ነው። ጠባቂ ቢበዛ ግን ሕሊና ካልጠበቀ ዋጋ የለውም። በተሰረቀ ውጤት የገባ ሰው በየዓመቱ እንደገና ለመስረቅ ይገደዳል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመውጫው ላይም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ከዚህም በላይ ሳያውቅ ያወቀ መስሎ የተመረቀ ሐኪም በሽተኛውን፥ ሳያውቅ የተመረቀ መሐንዲስ በድልድዩ ላይ የሚያልፈውን መንገደኛ ይበድላል። ኩረጃ ስለዚህ የደንብ ጥሰት ብቻ አይደለም፤ በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር የሚወድቅ ስርቆት፥ በስምንተኛውም የሚከሰስ ሐሰት ነው።

እውነትን መውደድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከአገራችን ሰማዕት ከብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል እንማራለን። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወልደው ዘመናቸውን በመጻሕፍት ምርምር ያሳለፉት እኚህ መነኩሴ የተረዱትን እውነት የተቀበሉት እ.ኤ.አ. በ1844፥ ዕድሜያቸው ከሐምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ስለዚሁም እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ለእሳቸው ትምህርት የማዕረግ መሰላል አልነበረም፤ እውነትን መፈለጊያ መንገድ ነበር።

ሦስተኛው ምክራችን አብረዋችሁ ስለሚኖሩት ወጣቶች ነው። በመኝታ ክፍላችሁ የምታገኟቸው ጓደኞች ቋንቋቸው፥ ሃይማኖታቸውና የትውልድ ስፍራቸው ከእናንተ የተለየ ሊሆን ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት ጠፍቷል፤ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። ልጃቸውን ለትምህርት ልከው አስከሬን የተቀበሉ ወላጆችን እንባ ማንም ሊያብሰው አልቻለም። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ለዚያው ለባቢሎን ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ በሚኖሩበት ከተማ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልትም እንዲተክሉ፥ ስለ ከተማይቱ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው፤ የከተማይቱ ሰላም የእነርሱም ሰላም ነውና። የማረከቻቸውን ከተማ እንዲህ እንዲወዱ ከታዘዙ፥ እናንተ የገዛ አገራችሁን ልጆች ምን ያህል ልትወዱ ይገባል! ወሬ ይዞ የሚመጣውን አትከተሉ፤ በስልክ የደረሳችሁን የጥላቻ መልእክት ለሌላው አታስተላልፉ። በክፍላችሁ የታመመ ቢኖር ውኃ አምጡለት፤ ወደ ሐኪምም አድርሱት። የሰላም ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

አራተኛው ስለ ጸሎት ነው። ዳንኤል በባቢሎን ካረጀ በኋላ እንኳ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት ፊት በቀን ሦስት ጊዜ እየተንበረከከ ይጸልይ እንደ ነበር በምዕራፍ 6 ተጽፏል። አዋጁ ሲወጣ አዲስ ጸሎት አልጀመረም፤ የለመደውን ቀጠለ እንጂ። እናንተም እናት ሳትቀሰቅሳችሁ መነሣትን፥ ማንም ሳያስታውሳችሁ መጸለይን ከአሁኑ ልመዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ንስሓ ግቡ፤ ከቆሞሳችሁም የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ተቀበሉ። በደረሳችሁበት ከተማ ቤተ ክርስቲያንን በመጀመሪያው እሑድ ፈልጉ፤ የመጀመሪያው እሑድ ካለፈ ሁለተኛው ይቀላል፥ ከሦስተኛው በኋላ መቅረት ልማድ ይሆናልና። ቁምስናው ሩቅ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ የእሑዱን ንባብ አንብባችሁ ጸልዩ። ዳንኤልም ምሥጢሩ በጨነቀው ሌሊት ብቻውን አልጸለየም፤ ሦስቱን ባልንጀሮቹን ጠራ።

አምስተኛው የምትማሩለት ዓላማ ነው። የቱሪኑ ተማሪ ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲ የማዕድን ምሕንድስናን የመረጠው በማዕድን ቆፋሪዎች መካከል ሆኖ ለማገልገል ነበር። የባለጸጋ ልጅ ሲሆን ገንዘቡን ለድሆች እየሰጠ በእግሩ ይሄድ ነበር። ትምህርቱን ሳይፈጽም በ24 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1925 ዐረፈ፤ ቤተ ክርስቲያንም ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቅዱሳን ቆጠረችው። ዲግሪውን አልያዘም፤ የተማረበትን ምክንያት ግን ፈጽሟል። እናንተም ለማን እንደምትማሩ ራሳችሁን ጠይቁ። ምናልባት ለትራንስፖርታችሁ አባታችሁ በሬ ሸጠው ይሆናል፤ የወጪ መጋራቱ ውልም ነገ የምትከፍሉት ዕዳ ነው። በእናንተ ትምህርት ውስጥ የብዙዎች ላብ እንዳለ አትርሱ።

በመጨረሻም ውጤቱ ላልሞላላቸው ወጣቶች አንድ ቃል አለን። ከላይ የጠቀስነው ቁጥር ከመቶው ከዘጠና በላይ የሆኑትን ከበሩ ውጭ አቁሟቸዋል። እነዚህ ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት የወደቁ ናቸውን? አይደሉም! የማካካሻ ትምህርት አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አለ፤ እንደገና መፈተን አለ፤ እርሻና ንግድም የተከበረ ሥራ ነው። ጌታችን ራሱ ሠላሳ ዓመት ያህል በናዝሬት ኖረ፤ ጠራቢም ተባለ። እናንተ ወላጆችም የልጃችሁን ውጤት ከፍቅራችሁ ጋር አታያይዙ። ውጤት በተነገረ ቀን ልጃችሁ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ ማዕዱን እንደ ወትሮው አቅርቡለት፤ ብቻውንም አትተዉት። ከጎረቤት ልጅ ጋርም አታወዳድሩት። በዚያ ምሽት የሚነገር ክፉ ቃል በዕድሜ ልክ የማይሽር ቁስል ይሆናልና።

ተወዳጆች ሆይ፤ እነዚያ አራት ወጣቶች ሦስቱን ዓመት ፈጽመው በንጉሡ ፊት ሲቆሙ ከባቢሎን ጠቢባን ሁሉ አሥር እጅ በልጠው ተገኙ። የበለጡት እምነታቸውን ስለ ጣሉ አይደለም፥ መጽሐፋቸውን ስለ ዘጉም አይደለም፤ ሁለቱንም ስለ ያዙ ነው። ከፈተናው በኋላ እስከ ጥሪው ቀን ያለውን ጊዜ በከንቱ አታሳልፉት። አንድ ምሽት ብቻችሁን ተቀምጣችሁ «የምጠብቀው ምንድን ነው? የማልነካውስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በእግዚአብሔር ፊት አስቀምጡት። በዚያች ምሽት የቆረጣችሁት በግቢው ውስጥ ይጠብቃችኋል።

ዳንኤልን በባዕድ አገር ያልተወ አምላክ በሄዳችሁበት ሁሉ ይከተላችሁ፤ በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልሳችሁ። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት አይለያችሁ። አሜን።