በጎ ዓላማ ክፉውን መንገድ ያጸድቃልን?

በወላይታ ምድር ካለፉት ገዥዎች መካከል ኅሊናችንን አጥብቆ የሚጠይቅ አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ገርማሜ ንዋይ ነው።

ገርማሜ በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲንና በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ተምሮ ተመለሰ። ኋላም የወላይታ አውራጃ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ከ1887 ዓ.ም. ዘመቻ ወዲህ ብዙው መሬት በባለርስቶች እጅ ገብቶ፣ አራሹ የድካሙን ፍሬ ለሌላ የሚያስረክብ ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ገርማሜ ጦም ያደረውን መሬት መሬት ለሌላቸው አከፋፈለ፤ መንገድና ትምህርት ቤትም አሠራ። ባለርስቶቹ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ፤ እርሱም ወደ ጅጅጋ ተዛወረ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት አስነሣ። ሙከራው ሲከሽፍ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ከነበሩት ብዙዎቹ ተረሸኑ። ከሟቾቹ መካከል አርበኛው ራስ አበበ አረጋይና ካህኑ አባ ሐና ጅማ ይገኙ ነበር። ገርማሜም በዚያው ወር ሞተ፤ ወንድሙ ተፈርዶበት ተሰቀለ።

እንግዲህ ምን እንበል? ለድኻው መሬት የሰጠው ሥራ በኋላው ደም ምክንያት ክፉ አይባልም። ያ መልካም ሥራም መሣሪያ የሌለውን እስረኛ መግደልን አያጸድቅም። መልካም እንዲመጣ ክፉ ማድረግ እንደማይገባ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች አስተምሯል፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ታስተምራለች።

ነገር ግን ፍርዱ በአንድ ወገን ብቻ አይቆምም። የድኻውን አቤቱታ የገፉ፣ በሰላም ሊሆን የሚችለውን ማሻሻያ ያሰናከሉ ሰዎችም ከኅሊና ተጠያቂነት አያመልጡም። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ሌላ ብዙ ደም መፍሰስ ጀምሮ ነበር።

ይህ ጥያቄ የነገሥታትና የጄኔራሎች ብቻ አይደለም። በድንበር ክርክር ለመበለቲቱ አዝነን በሽማግሌ ፊት በሐሰት ብንመሰክር፣ እኛም በዚያው መንገድ ላይ ነን። እውነቱን እያወቅን ለሰላም ብለን ዝም ብንልም ከገፊዎቹ ጋር ተቆጥረናል። ስለዚህ ለመበለቲቱ እንቁም፤ የምንቆመው ግን በእውነት ይሁን።