ተማሪ በታላቅ ከተማ

የሰው ልጅ ትምህርቱን የሚፈጽመው በመጽሐፍ ብቻ ነውን፥ ወይስ በሥራ ቦታና በሰው መካከል? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ነገር ግን በአሜሪካ ኮሌጆች ዘንድ አንድ ልማድ ስለ ጸና ዛሬም ደጋግሞ ይነሣል። ልማዱም ይህ ነው። በትንሽ ከተማ የሚማር ወጣት መንፈቀ ዓመት ያህል፥ ይኸውም ዐሥራ አምስት ሳምንት በሚሆን ጊዜ፥ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ ዋሽንግቶን ወይም ወደ ኒው ዮርክ ወይም ወደ ቺካጎ ይሄዳል። እዚያም ቤት ተከራይቶ ቀን ቀን በመሥሪያ ቤት፥ በሐኪም ቤት ወይም በጋዜጣ ማዘጋጃ ቤት እየሠራ ይቈያል። በመጨረሻም የሠራው ሥራ እንደ ትምህርት ይቈጠርለታል።

ልማዱ ሥር አለው፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። በ1906 ዓ. ም. በኦሃዮ ግዛት በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ኸርማን ሽናይደር የተባለ መምህር 27 የምሕንድስና ተማሪዎች ይዞ፥ ጊዜያቸውን በትምህርት ክፍልና በፋብሪካ እያፈራረቁ እንዲያሳልፉ አደረገ። በ1921 ዓ. ም. ደግሞ መሐንዲሱ አርተር ሞርጋን በዚያው በኦሃዮ በአንቲዮክ ኮሌጅ ትምህርትና ሥራ እንዲፈራረቁ ሥርዐት አቆመ። በ1947 ዓ. ም. በዋሽንግቶን የሚገኘው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሌሎች ኮሌጆችን ተማሪዎች ለአንድ መንፈቀ ዓመት እየተቀበለ፥ የመንግሥትን አሠራር በቅርብ እንዲመለከቱ ማድረግ ጀመረ።

ስለዚህ ልማድ የሚናገሩ ብዙዎች ከተማው ራሱ አስተማሪ ነው ይላሉ። ሕንጻውንና አደባባዩን ያየ፥ ከታላላቅ ሰዎች ጋር በአንድ ደረጃ የወጣና የወረደ ወጣት ሳያውቀው ይበስላል ብለው ያምናሉ። ይህ ነገር እኩሌታው እውነት ነው፤ እኩሌታው ግን ማታለያ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ባስልዮስና ነባቤ መለኮት የተባለው ቅዱስ ጎርጎርዮስ በአቴና ተማሪዎች ነበሩ። በ355 ዓ. ም. ዮልያኖስም ለትምህርት ወደዚያችው ከተማ መጥቶ ነበር። ጎርጎርዮስ ወዳጁን ባስልዮስን ባመሰገነበት ንግግር፥ እነርሱ በአቴና ሳሉ የሚያውቋቸው መንገዶች ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ ተናግሯል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ሁለተኛውም ወደ ትምህርት ቤት የሚወስድ ነበረ። ዮልያኖስ ግን በ361 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥት በሆነ ጊዜ ክርስትናን በግልጥ ካደ። ከተማይቱ አንዲት ነበረች፤ ተማሪዎቹ ግን ይዘውት የገቡት ልብ አንድ አልነበረም። እንግዲህ ከተማ ጨዋውን አያባልግም፥ ባለጌውንም ጨዋ አያደርግም፤ በልቡ ያለውን ያፋጥንለታል እንጂ።

አንድ ሰው ተነሥቶ፥ ነገሩ የልብ ከሆነ ተማሪው በመንደሩ ተቀምጦ ልቡን ቢያቀና አይበቃውምን፥ ስለ ምን ይንከራተታል? ብሎ ቢጠይቅ፥ ጥያቄው ከንቱ አይደለም። መልሱም ይህ ነው፤ ከመጽሐፍ የማይገኝ አንድ ዕውቀት አለ፥ እርሱም የወረቀቱን ባለቤት ማወቅ ነው። ስለ ድኾች ጡረታ የሚናገረውን ሕግ በክፍል ያጠና ተማሪ አንቀጹን ያውቃል። በአንድ የሕዝብ እንደራሴ ቢሮ ተቀምጦ፥ ጡረታዋ የቀረባት ባልቴት የጻፈችውን ደብዳቤ ሲከፍት ግን፥ አንቀጹ ፊትና ድምፅ ያለው ሰው ይሆንበታል። ደብዳቤውን ዛሬ ቢያሳልፈው ትበላለች፤ እስከ ሰኞ ቢያቈየው ትራባለች። ወጣቱ ስንፍና የሰውን እንጀራ እንደሚነጥቅ በዚህ ጊዜ ይማራል። ይህ ትምህርት ከባድ ነው፤ ስለዚህም መንገዱ ያስመኛል።

ነገር ግን መንገዱ ያማረ እንደ ሆነ፥ በሩ ለማን ተከፍቷል ብሎ መጠየቅ ይገባል። በሲንሲናቲ በተጀመረ ጊዜ ተማሪው ለሠራው ሥራ ከፋብሪካው ደመወዝ ይቀበል ነበር፤ ሥራውም ትምህርቱን ለመክፈል ይረዳው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን በብዙ ቦታ ያለ ደመወዝ ማሠራት ተለመደ። በታላቅ ከተማ የቤት ኪራይ ውድ ነው፤ እንጀራም በነጻ አይገኝም። አባቱ ባለጸጋ የሆነው ተማሪ መንፈቀ ዓመቱን በምቾት ይፈጽማል። የድኻው ልጅ ግን ወይ ይቀራል፥ ወይ ይበደራል፥ ወይም ቀን በነጻ ሲሠራ ውሎ ሌሊት በምግብ ቤት ሳሕን ያጥባል። እንዲህ ሲሆን ልምምዱ የባለጸጋውን ልጅ ዕውቀት ሳይሆን የአባቱን ገንዘብ ይመዝናል፤ ነገ በሕዝብ ላይ የሚሾሙትም ረኀብን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ይሆናሉ።

ተቀባዩ መሥሪያ ቤት የሚመልሰው አለው። ተለማማጅ ከሚሰጠው ይልቅ የሚወስደው ይበዛል፤ የሚያስተምረውም ሰው ከሥራው ይጐድላል፥ ይላል። ይህም አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። በ1938 ዓ. ም. የአሜሪካ የሥራ ሕግ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከወሰነ በኋላ፥ በ1947 ዓ. ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የባቡር ፍሬን ያዥ ለመሆን ስለሚለማመዱ ሰዎች ፍርድ ሰጥቶ ነበር። ኩባንያው ከልምምዳቸው ወዲያው የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ ሠራተኞች ተብለው አይቈጠሩም አለ። አንባቢ ግን ያስተውል፤ የእነዚያ ሰዎች ልምምድ ሰባት ወይም ስምንት ቀን ያህል ብቻ የሚፈጅ ነበረ። ዐሥራ አምስት ሳምንት ደብዳቤ ሲከፍት፥ ጽሑፍ ሲገለብጥና ስልክ ሲመልስ የከረመ ወጣት ግን ከዚህ ይለያል። መለኪያውም ቀላል ነው፤ እርሱ ባይመጣ ኖሮ ያን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው በደመወዝ ይቀጠር ነበርን? ይቀጠር ከነበረ፥ ለወጣቱ የተነፈገው ገንዘብ የእርሱ ነው። እህል የሚያበራየው በሬ እንኳ አፉ እንዳይታሰር የኦሪት ሕግ አዝዟል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ይህን ለሰው ተርጕሞታል። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2018 ዓ. ም. ለተለማማጆቹ የሚከፈል ገንዘብ መመደቡ፥ ዋይት ሐውስም በ2022 ዓ. ም. ለተለማማጆቹ መክፈል መጀመሩ፥ ነገሩ የምጽዋት ሳይሆን የፍርድ ነገር መሆኑ ዘግይቶም ቢሆን እንደ ታወቀ ያሳያል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ነገር የሚናገረው አለው። የቆሎ ተማሪ ከአባት ከእናቱ ርቆ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ወደማያውቀው አገር ለትምህርት ይሄድ ነበር። የባለጸጋ ልጅም ቢሆን በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምን ነበር እንጂ፥ በአባቱ ጐተራ አይመካም ነበር። በዚህ ሥርዐት ችግርና ውሻ ነበሩበት፤ ስለዚህ እንዳለ ይመለስ የሚል የለም። በውስጡ ያለው ፍርድ ግን ሊታሰብ ይገባዋል። የተማሪውን ቍራሽ መንደሩ ሁሉ ተካፍሎ ይሸከመው ስለ ነበረ፥ ድኽነት ብቻውን ልጅን ከጉባኤ አያስቀርም ነበር። ሕዝቡም የሚቈርሰው እንጀራ ነገ ቀዳሽና መምህር ሆኖ እንደሚመለስለት ያውቅ ነበር።

ዛሬ በዋሽንግቶንና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ፤ አብያተ ክርስቲያናትም አሏቸው። ከሩቅ ግዛት ለመንፈቀ ዓመት ሥራ የሚመጣ የድኻ ልጅ ሲገኝ፥ አንድ ክፍል ማካፈልና በማዕድ ማስቀመጥ ከቀድሞው ቍራሽ የሚያንስ ስጦታ አይደለም። ይህ ማለት ግን የሠሪውን ዕዳ ምእመናን ይክፈሉለት ማለት አይደለም። ደመወዝ ካሠራው ሰው ይጠየቃል፤ እንግዳን መቀበል ግን የክርስቲያን ሁሉ ነው።

ተማሪውም በበኩሉ ዕዳ አለበት። ወደ ከተማ የሄደው ስሙን በታላላቅ ስሞች አጠገብ ለማጻፍ ብቻ ከሆነ፥ በዐሥራ አምስት ሳምንት የሚያተርፈው ወሬ ነው። የባልቴቲቱን ደብዳቤ ያስታወሰ እንደ ሆነ ግን፥ ወደ ትንሽ ከተማው ሲመለስ የተማረው ሕግ ከእንግዲህ የወረቀት ሕግ አይሆንበትም። አንድ ቀንም እርሱ ራሱ በወንበር ተቀምጦ፥ ሌላ ወጣት ሻንጣውን ይዞ በደጁ ሲቆም፥ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዳይረሳ ያስፈልጋል። ጥያቄውም፥ ልጄ ሆይ፥ ምን ታውቃለህ? ከማለት በፊት፥ የት ታድራለህ፥ ምንስ ትበላለህ? የሚለው ነው።