ወጊ በሬና ያገለገለ መኪና
ንባብ፤ ዘጸአት 21፥28-36፤ ምሳሌ 20፥14



በሙሴ ሕግ ውስጥ ስለ በሬ የተጻፈ አንድ ፍርድ አለ። በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል፣ ባለቤቱም የበሬውን ጠባይ አስቀድሞ ያላወቀ ከሆነ፣ በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ነፃ ነው። ነገር ግን በሬው ወጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢሞት፣ የዚያ ሰው ደም በባለቤቱ ላይ ነው። እግዚአብሔር በዚህ ፍርድ በሬው ያደረገውን ብቻ አይመለከትም፤ ባለቤቱ ምን ያውቅ ነበር ብሎ ይጠይቃል።

ዛሬ በከተሞቻችን በሬ የሚሸጠው ጥቂት ነው፤ መኪና የሚሸጠው ግን ብዙ ነው። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አስቀድመው የገቡት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። አንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ቍጠባውን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዘመድ የተበደረውን ገንዘብ፣ ለአንድ ያገለገለ መኪና ያወጣል። በጎረቤታችን በኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነው መኪና ከውጭ እንዳይገባ ደንብ አለ፤ ደንቡ ግን የመኪናውን ዕድሜ እንጂ የሻጩን ልብ አይመረምርም።

ተንኰሉን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የኪሎ ሜትሩ ቈጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አዲሱ ዓይነት ቈጣሪ እንኳ በመሣሪያ ይለወጣል። የተጋጨው ላሜራ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ይቀባል። የደከመው ሞተር ድምፁ እንዲለዝብ ወፍራም ዘይት ይጨመርበታል። ደግሞም ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አስነሥተው ያሞቁታል፤ ሕመሙ የሚታወቀው በብርድ ሲነሣ ነውና። ያለ ቀረጥ የገባው ቀረጥ እንደ ተከፈለበት፣ በባንክ ዕዳ የታገደውም ከዕዳ ነፃ እንደ ሆነ ተደርጎ ይቀርባል። ደላላውም ለሻጩ አንድ ዋጋ፣ ለገዢው ሌላ ዋጋ ነግሮ መካከሉን ለራሱ ያስቀራል። ገዢው ጥቂት ላስብበት ያለ እንደ ሆነ፣ «ሌላ ሰው ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው» ይሉታል።

ሉተር በ1529 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በጻፈው በትልቁ ካቴኪዝም ሰባተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ ሌብነት የሰውን ሣጥን መስበር ብቻ አለመሆኑን፣ በገበያም በሱቅም ገንዘብ በሚለዋወጥበት ስፍራ ሁሉ የሚደረግ መሆኑን አስተምሯል። ስለዚህ ቈጣሪን የሚመልስ ሰው ሌባ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ምንም ሳይነካ ዝም ብሎ የሚሸጠው ክርስቲያን ነው። «እኔ አልዋሸሁም፤ እርሱ አልጠየቀኝም» ይላል።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ፍሬኑ ቍልቍለት ላይ እንደሚከዳ የሚያውቅ ሰው፣ በሬው ወጊ መሆኑ የተነገረው ሰው ነው። ገዢው ልጆቹን ጭኖ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ ጣርማ በር ሲወርድ፣ ያልተጠየቀው ጥያቄ ፍሬኑን አይዘውም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዝዛል፤ ጉድለቱን በተንኰል ከሸሸገም፣ ዋስ አልሆንም ብሎ ያስጻፈው ውል አያድነውም። የምድር ዳኛ ይህን ያህል ከጠየቀ፣ ከቅዱስ ቍርባን የሚካፈል ሰው ያነሰ ሊሰጥ አይገባውም።

ገዢም ቢሆን ንጹሕ ነኝ አይበል። ጠቢቡ፣ ሲገዛ ዕቃውን የሚያናንቅ፣ ከሄደ በኋላ ግን በርካሽ በመግዛቱ የሚመካ ሰው እንዳለ ያውቃል። ዛሬ ደግሞ ሁለቱ ተስማምተው በውልና ማስረጃ ፊት ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ዋጋ የሚያስጽፉ አሉ፤ ይኸውም የቴምብር ቀረጡ እንዲያንስ ነው። ኋላ መኪናው ጉድለት ተገኝቶበት ውሉ ቢፈርስ፣ ገዢው በእጁ ያለው ማስረጃ የውሸቱ ዋጋ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሰው ተታለልሁ ብሎ ሲጮኽ ማን ይሰማዋል?

«ሻጩ የማኅበራችን ሰው ስለ ሆነ መመርመር አፈርሁ» የሚሉም አሉ። አባታችን አብርሃም ሣራን ለመቅበር የመክፈላን ዋሻ ሲገዛ፣ ኤፍሮን በብዙ አክብሮት ያናግረው ነበር። አብርሃም ግን በከተማይቱ በር፣ በኬጢ ልጆች ፊት፣ 400 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ እርሻውም ዋሻውም በዙሪያው ያሉት ዛፎችም አንድ በአንድ ተጠቅሰው ጸኑለት። ስለዚህ መኪናውን ወደ ጋራዥ መውሰድ፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቍጥር ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ እግድ እንደሌለበት ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር አይደለም። የፍሬን መርገጫው ተልጦ፣ መሪው በእጅ ብዛት አብረቅርቆ ሳለ ቈጣሪው ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢያሳይ፣ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ መርገጫው ደግሞ መዋሸት አይችልም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ተታሎ የገዛ ሰው ምን ያድርግ? ገንዘቡ ሄዷል፤ የታመመው መኪና በግቢው ቆሟል። ዲያብሎስ ወደ እርሱ ሲመጣ ክፉ ነገር አያወራም፤ «እንዳደረጉብህ አድርግ፤ ቀለም አስቀባውና ሽጠው፤ የልጆችህ እንጀራ ነው» ይለዋል። እውነትም የልጆቹ እንጀራ ነው። ነገር ግን ሦስተኛው ገዢ ምን በድሎታል? እርሱም ልጆች አሉት።

እንግዲህ ሻጩ ክርስቲያን ከሆነ፣ ጌታ እንዳዘዘ አስቀድሞ ብቻውን ይናገረው፤ ባይሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ ይሂድ፤ ጳውሎስም በማኅበሩ መካከል የሚፈርድ አስተዋይ ሽማግሌ እንዲፈለግ ይመክራል። ሻጩም ዘኬዎስን ያስብ፤ ዘኬዎስ በተንኰል የወሰደውን አራት እጥፍ ልመልስ አለ እንጂ ጥፋቱ የደላላው ነው አላለም። የማያምን ከሆነ ደግሞ ጉድለቱን ሳይዘገይ ያስታውቀው፤ ወደ ዳኛ መሄድም ኀጢአት አይደለም። ሁሉም ባይሳካ ግን ጉድለቱን በግልጥ ተናግሮ በሚያወጣው ዋጋ ይሽጠው። ይህ ኪሳራ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አልነግራችሁም።

ለዚህም ነው ኪሳራው በአንድ ቤት ላይ ብቻ ሊወድቅ የማይገባው። በትንሹ ካቴኪዝም እንደ ተማርነው፣ ሰባተኛው ትእዛዝ ከመስረቅ መከልከል ብቻ ሳይሆን ባልንጀራችን ንብረቱን እንዲጠብቅ መርዳትንም ይጠይቃል። በማኅበራችን መካኒኮች አላችሁ፤ ሾፌሮችም አላችሁ። አንዲት መበለት ለልጇ የሥራ መኪና ልትገዛ ስትነሣ፣ ከእናንተ አንዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብሯት ይሂድ፤ ሞተሩን በብርዱ ያስነሣላት፤ ከሥሩም ተኝቶ ይመልከትላት፤ ሊብሬውንም ያንብብላት። ከደላላውም ከእርስዋም ምንም አይቀበል።