ለመርዳት የሚሄድ ሰው ስለ ማን ይሄዳል?

አንባቢ ሆይ፤ በበጎ ፈቃድ ድኾችን ለመርዳት ወደ ስማዳ ወይም ወደ ጋይንት ለመሄድ ብታስብ አሳብህ መልካም ነው። ነገር ግን መንገድ ሳትጀምር ራስህን ጠይቅ፤ የምትሄደው ስለ እነርሱ ነውን ወይስ ስለ ራስህ?

በ1967 ዓ.ም. 60,000 ያህል ተማሮችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። እነዚያስ ፈቃዳቸው አልተጠየቀም፤ አንተ ግን በፈቃድህ ነህና ምክንያትህን ልትመረምር ይገባሃል።

የወገዳ አካባቢ ገበሬ ሥራ የማያውቅ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲ ኔት ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ እህል ወይም ገንዘብ ሲቀበል ኖሯል፤ ሽማግሌውና በሽተኛው ግን ያለ ሥራ ይሰጠው ነበር። ለዓመታት ድንጋይ ሲክብ ለኖረ ሰው፥ አንተ አንድ ቀን አካፋ ይዘህ ፎቶግራፍ መነሣትህ ምን ይጠቅመዋል? ሐኪም ወይም ነርስ ብትሆን ሂድ፥ ቈይም። ይህ ሙያ ከሌለህ የመኪናውንና የስንቁን ዋጋ ቈጥረህ ብትልክላቸው ይሻላል።

ከሄድህም፥ ባልቴቲቱ በእንቍላሏ ጨው የምትገዛባትን ዶሮ ታሳርድልሃለች። አልበላም ብትል ታዋርዳታለህ፤ ብትበላ ታደኸያታለህ። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ብላ፤ ከወጣህ በኋላ ግን ሌላ ዶሮ ገዝተህ በጎረቤት ልጅ እጅ ላክላት።