እንቁላሉን የታቀፈው ማን ነው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ከአማርኛ ተረትና ምሳሌዎች ሁሉ ይህን ያህል የሚነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ፊደል አልያዝልህ ያለው ሕፃን ይሰማዋል፤ ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ የራቀው ወጣት ይሰማዋል፤ ለትምህርት ባሕር ማዶ የሚሄድ ልጅም ሻንጣውን ሲቆልፍ ከእናቱ አፍ ይሰማዋል። ሁልጊዜ የሚነገረው ለማጽናናት ነው። ዛሬ አልንቀሳቀስ ያለህ ነገር ነገ ይራመዳል፤ ጊዜ ስጠው፤ አትቸኩል፤ ይላል።

ምሳሌው የተመረጠው በጥንቃቄ ነው። እንቁላል ካስቀመጡት የማይነሣ፣ ከጣሉት የማይጠገን ነገር ነው። ያም ሆኖ አንድ ቀን ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ከውስጡ በሁለት እግሩ የሚቆም ፍጥረት ይወጣል። ይህን በየጓሮው ሲያይ የኖረ ሕዝብ ትዕግሥትን ለማስተማር ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ሆኖም ተረቱ አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል። እንቁላል አለ፣ ጊዜ አለ፣ እግር አለ፤ ዶሮዋ ግን የለችም። ሃያ አንድ ቀን ከጎጆዋ ሳትርቅ የታቀፈችው፣ ጥሬ ለቅማ ውሃ ጠጥታ ወዲያው የምትመለሰው እናት አልተጠራችም። ተረቱን ለፈጠሩት ገበሬዎች ዶሮዋ ከዐይናቸው ሥር ስለነበረች መጥራት አላስፈለጋቸው ይሆናል። እኛ ግን ሳትጠራ የቀረችውን እየረሳን ሥራውን ሁሉ ለጊዜ ሰጥተነዋል።

ዶሮዋን እንድፈልጋት ያደረገኝ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ኬፕ ታውን ስማር ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ያየሁት የሌላ ወፍ ጎጆ ነው። ግንቦት በዚያ አገር ብርዱ የሚገባበት ወር ነው። በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሮንደቦሽ ጣቢያ ባቡር ተሳፍረን ወደ ደቡብ ወረድን። ሙይዘንበርግ ላይ ሐዲዱ ከባሕሩ ጋር ይገናኝና ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ጣቢያ እስከ ሳይመንስ ታውን ድረስ ብዙውን መንገድ ውሃውን እየታከከ ይሄዳል። አንድ ኬንያዊ፣ አንዲት ናይጄሪያዊት፣ እዚያው ኬፕ ታውን ተወልዶ ያደገ ልጅና የባሕር ሥነ ሕይወት የምታጠና ናሚቢያዊት አብረውን ነበሩ። ከጣቢያው በእግራችን ቦልደርስ ወደሚባለው ዳርቻ አቀናን። ስፍራው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ክብ የግራናይት ድንጋዮች አሸዋውን ከነፋስ የከለሉበት ነው። ሰው ጎጆዎቹን እንዳይረግጥ በእንጨት የተሠራ መተላለፊያ ተዘርግቷል።

ወፎቹን ከማየታችን በፊት ድምፃቸውን ሰማን፤ ቁጥቋጦው ውስጥ አህያ የሚያናፋ ይመስላል። የአፍሪካ ፔንግዊን ቁመቱ ስድሳ ሰባ ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ሦስት ኪሎ ገደማ ነው። መብረር አይችልም። ደረቱ ላይ ያሉት ጥቁር ነጠብጣቦች ከአንዱ ወፍ ወደ ሌላው ይለያያሉ፤ ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በእነሱ ነው። ከመተላለፊያው አጠገብ አንዱ አሸዋውን ጭሮ በሠራው ጉድጓድ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ነበር። የሰው ጫጫታ፣ የካሜራ ድምፅ፣ ነፋሱ፣ አንዱም አላነሣውም።

«ከሥሩ እንቁላል አለ» አለች ናሚቢያዊቷ። «ወይም ከሥሯ። ወንዱም ሴቷም በየተራ ነው የሚታቀፉት።»

እንቁላሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ናቸው፤ ለመፈልፈል አርባ ቀን ያህል ይፈልጋሉ። አንዱ ወላጅ ሲታቀፍ ሌላው ባሕር ወርዶ ሳርዲንና አንቾቪ የሚባሉትን ትንንሽ ዓሦች ያድናል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ያን ጊዜ የእናቴን ተረት ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ኬንያዊው «በስዋሂሊም ጥቂት በጥቂት ቁናው ይሞላል እንላለን» ብሎ ተደሰተ። ናሚቢያዊቷ ግን ዐይኗን ከጎጆው ሳታነሣ «ማን እየሞላው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ተረቱን በዚህ ጥያቄ ሳልፈትን መናገር አልሆነልኝም።

የመጀመሪያው ፈተና የዚያው የቦልደርስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ወደዚህ ዳርቻ መጥተው ጎጆ የሠሩት ሁለት ጥንድ ፔንግዊኖች ብቻ ነበሩ። ከሁለቱ ጥንዶች ተነሥቶ መንጋው ከዓመት ዓመት እየጨመረ በሺዎች የሚቆጠር ሆነ። ተረቱን የሚያስመሰግን ማስረጃ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ነገር ግን ወፎቹ የበዙት ጊዜ ስላለፈ ብቻ አይደለም። ዳርቻው በሚገኝበት የባሕር ወሽመጥ የንግድ መርከቦች በትልልቅ መረብ ዓሣ ማጥመዳቸው በመገደቡ ሳርዲኑና አንቾቪው በረከተ። ዳርቻው ተከለለ፣ መተላለፊያው ተሠራ፣ ስፍራው በብሔራዊ ፓርክ ጥበቃ ሥር ዋለ። እንቁላሉ በእግሩ የሄደው ወላጆቹ ስለታቀፉት፣ ሰዎችም ለወላጆቹ ዓሣና ቦታ ስለተዉላቸው ነው።

ሁለተኛው ፈተና ከበድ ይላል። «ቀስ በቀስ» የሚያለማውን ያህል ያጠፋል። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ከኬፕ ታውን በስተ ሰሜን ባለችው ዳሰን ደሴት ላይ ብቻ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ፔንግዊኖች እንደነበሩ ይገመታል። ዛሬ በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ በጠቅላላ የቀሩት የሚዋለዱ ጥንዶች ከ10,000 በታች ናቸው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ዝርያውን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መደብ አስገብቶታል። ተመራማሪዎችም ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ2035 ገደማ ከዱር ሊጠፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ።

ይህ በአንድ ሌሊት የወረደ መዓት አይደለም። ናሚቢያዊቷ የነገረችን ታሪክ ከአገሯ ደሴቶች ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ መርከቦች ኢቻቦ በምትባል ትንሽ ደሴት ዙሪያ ተሰበሰቡ። የመጡት ጓኖ የሚባለውን፣ በዘመናት የተጠራቀመውን የባሕር ወፎች ኩስ ለአውሮፓ እርሻ ማዳበሪያነት ለመጫን ነበር። ፔንግዊኖቹ ጎጆ የሚቆፍሩት በዚያ ክምር ውስጥ ነበር። ኩሱ ተጠርጎ ሲያልቅ እንቁላሉ ገላጣ ድንጋይ ላይ ቀረ። በሞቃት ቀን ታቃፊው ሙቀቱን መቋቋም ሲያቅተው ወደ ውሃ ይወርዳል፤ የባሕር ወፎች መጥተው እንቁላሉን ይበሉታል። ከዚያ ደግሞ ሰው ራሱ እንቁላሉን በልቶታል፤ በዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ከደሴቶቹ እየተለቀመ ይሸጥ ነበር፤ የቆመው በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ተራው የዓሣው ሆነ። የማጥመጃ መርከቦቹ ጉልበት በረታ፤ ዓሣዎቹም ከምዕራቡ ዳርቻ ወደ ደቡብና ምሥራቅ ራቁ። ጎጆው ላይ የታሰረና የማይበር ወፍ ተከትሏቸው ሊሄድ አልቻለም።

አንድ ቅርጫት እንቁላል የለቀመ ሰው ዝርያ አጠፋለሁ ብሎ አላሰበም። አንድ ጀልባ ጓኖ የጫነም እንደዚያው። ሽማግሌዎቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት ይህን ዓይነቱን ጥፋት ነው። ስለዚህ «ቀስ በቀስ» በራሱ ተስፋ አይደለም፤ ወደየትም የሚወስድ መንገድ ነው። ወደ ሕይወት የሚወስደው የሚታቀፍ ሲኖር ነው፤ የሚለቅም ብቻ ከሆነ ያለው፣ በዚያው ርጋታ ወደ ባዶ ጎጆ ያደርሳል።

ሦስተኛው ፈተና እ.ኤ.አ. ሰኔ 23 ቀን 2000 የሆነው ነው። ትሬዠር የተባለች የብረት ማዕድን የጫነች መርከብ በዳሰንና በሮበን ደሴት መካከል ሰጠመች፤ ከሆዷ የወጣው ጥቁር ነዳጅ የሁለቱንም ደሴቶች ዳርቻ ሸፈነ። ነዳጅ የነካው ላባ ውሃ አይከለክልም፤ ወፉ በቀዝቃዛው ባሕር ውስጥ ይበርደዋል፣ ማደን ያቅተዋል፣ ይሞታል። በዚያ ቀን «ቀስ በቀስ» ያለ ሰው ቢኖር ሬሳ ነበር የሚቆጥረው። የሠራው ሌላው ተረታችን ነው፤ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ»። ነዳጁ የነካቸው 19,000 ያህል ወፎች ተሰብስበው በኬፕ ታውን ሶልት ሪቨር ሠፈር ወደሚገኝ የባቡር መጋዘን ተወሰዱ። ገና ያልነካቸው ሌሎች 19,500 ያህል ደግሞ በመኪና ወደ ፖርት ኤልዛቤት ተጭነው እዚያ ባሕር ውስጥ ተለቀቁ። ብልሃቱ ይህ ነበር፤ ዋኝተው ቤታቸው እስኪደርሱ ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅባቸው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ዳርቻው ይጸዳል። ፒተር፣ ፓሜላና ፐርሲ የተባሉ ሦስት ወፎች የሳተላይት መከታተያ ታስሮላቸው ጉዟቸውን ሕዝብ ከቀን ቀን ሲከታተል ነበር።

የኬፕ ታውኑ ጓደኛችን እናት በዚያ መጋዘን ወፍ ካጠቡት በሺዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች አንዷ ናቸው። «እጇ ላይ እስከ ዛሬ የንክሻ ጠባሳ አለ» ብሎ በኩራት ነገረን። እያንዳንዱ ወፍ ተይዞ፣ በሳሙና ታሽቶ፣ ተለቅልቆ፣ በእጅ ዓሣ እየጎረሰ እስኪያገግም ሳምንታት ይፈጃል። እንግዲህ ጥድፊያውና ትዕግሥቱ አንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ሠርተዋል። ለመድረስ ተጣደፉ፤ ከደረሱ በኋላ አልተቻኮሉም። ከታጠቡት ወፎች አብዛኞቹ በሕይወት ወደ ባሕር ተመልሰዋል። «ቀስ በቀስ» ተረት የሚሠራው እንቁላሉ ከእሳት ከወጣ በኋላ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

አራተኛውን ፈተና እዚያው ያየነው ባይሆንም የተማርነው እዚያው ነው። ፔንግዊን በዓመት አንድ ጊዜ ላባውን በሙሉ ይቀይራል። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ገደማ ውሃ ውስጥ መግባት ስለማይችል ጾሙን የብስ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠብቅበት አቅም አስቀድሞ በልቶ ያከማቸው ስብ ነው። ዓሣ ጠፍቶ ሳይጠግብ የገባ ወፍ አዲሱ ላባ ሳይወጣለት ይሞታል። ትዕግሥትም ስንቅ ይፈልጋል ማለት ነው። የሚበላ የሌለውን ሰው «ታገሥ» ማለት ምክር አይሆንም።

ይህን ሳስብ ወደ አእምሮዬ የመጡት የአገራችን የአብያታና የሻላ ሐይቆች ናቸው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ነጭ ፔሊካኖች ሰው በማይደርስባቸው ደሴቶቹ ላይ ተረጋግተው እንቁላል ይታቀፉ ነበር። የሚበሉትን ዓሣ ግን የሚያገኙት ከጎረቤቱ ከአብያታ ነው። አብያታ ጥልቀት የለውም፤ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ የሚደርሰው ውሃ ለመስኖ ሲሳብ፣ ከራሱም ሶዳ አሽ ለማምረት ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ በረታ፣ ዓሣው አለቀ። ፔሊካኖቹ ጎጆ አላጡም፤ ደሴቱን የነካባቸው የለም። የጠፋው ገበታቸው ነው። የቦልደርስን ወፍ ያሳደገውና የሻላን ወፍ ያራቆተው አንድ ሕግ ነው፤ ታቃፊውን የሚመግብ ከሌለ እንቁላል በእግሩ አይሄድም።

ታዲያ ተረቱ ተሸነፈ? አልተሸነፈም። የጎደለችውን ዶሮ ወደ ቦታዋ ስንመልሳት ከበፊቱ ይልቅ እውነተኛ ይሆናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 በፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት የጸናው ስምምነት ይህን ያሳያል። የወፍና የባሕር ወፍ ተከላካይ ድርጅቶች ከመንግሥትና ከዓሣ አጥማጆች ጋር ተስማምተው በስድስት የፔንግዊን መንጋዎች ዙሪያ ሳርዲንና አንቾቪ በመረብ ማጥመድ እስከ 2033 ተከለከለ። ከዚህ በኋላ ጊዜው ሊሠራ ይችላል፤ የሚሠራበት ነገር ተሰጥቶታልና።

እኔም ተረቱን እናገረዋለሁ፤ ለሚያጠና ልጅም፣ ለሚነግድ ወጣትም። ስናገረው ግን አብሬ እጠይቃለሁ፦ የታቀፈህ ማን ነው? እሱንስ ማን ይመግበዋል? ባሕር ማዶ ለሚማር ልጅ «ቀስ በቀስ» ያለች እናት የቤቱን ወጪ አጥብባ፣ እህቶቹን አስተባብራ፣ ራሷን ጎድታ የታቀፈችው እሷ ናት። ዲግሪው ሲመጣ ጊዜን ብቻ ማመስገን እሷን መካድ ነው። ሐይቅ ሲደርቅ፣ ደን ሲመነጠር፣ ትምህርት ቤት ሲዳከም «ቀስ በቀስ ይስተካከላል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁም በናሚቢያዊቷ ተማሪ ጥያቄ መልሱለት፤ ማን እያስተካከለው? ስም መጥራት ከቻለ ተረቱ እውነት ነው፤ ታገሡ። ካልቻለ እንቁላሉ ላይ የተቀመጠ የለም፤ ያን ጊዜ ተነሥቶ መታቀፍ የእናንተ ፈንታ ነው።