ሸክላና ዲጂታል፦ የትኛው ድምፅ ነው እውነተኛው?

የተቀዳ ሙዚቃ እውነተኛነት የሚለካው ለመነሻው ድምፅ ባለው ታማኝነት ከሆነ ዲጂታል ይበልጣል። ሲዲ ድምፁን በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ለክቶ በቁጥር ይመዘግባል፤ በዝቅተኛውና በኃይለኛው ድምፅ መካከል የሚይዘው ስፋት 96 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሸክላ ከ70 ብዙም አያልፍም፤ መርፌው በቀጭኑ ቦይ ውስጥ ሲሄድ ይንሿሿል፣ አቧራ ሲነካው ይንጣጣል። ብዙዎች የሚወዱት የሸክላ ሙቀት በከፊል ይኸው ጉድለት ነው። ደስታው እውነት ነው፤ ታማኝነት ግን አይደለም።

ግን ታማኝነቱ ለማን ነው? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ በሸክላ የታተሙ ዘፈኖች እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለ ተከታታይ አልበም በሲዲ ወጥተዋል። እዚህ ላይ ዲጂታሉ ታማኝ የሚሆነው ለዘፋኙ ሳይሆን ለቀደመው ቅጂ ነው።

የአሶሳ በርታዎች የቅል ጥሩምባ ሲነፉ ደግሞ እያንዳንዱ ነፊ የየራሱን ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማው የሚገጣጠመው ከሁሉም ነው። መሀላቸው የቆመ ሰው ድምፁን ከየአቅጣጫው ይሰማል። ይህን ሸክላም ሲዲም አሟልቶ አይዝም። በስልክ የሚከፈት ኤምፒ3 ደግሞ ፋይሉን ለመጨመቅ ጆሮ አይለየውም የተባለውን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል። ስለዚህ የአካባቢውን ዜማ ለትውልድ የሚቀዳ ሰው ያልተጨመቀ ዲጂታል ይምረጥ።