ሲፈሩኝ ያገኘሁት ወንበር

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ «ና፣ ቢሮዬን እይልኝ» ብሎ ጠራኝ። ወዳጄ የአንድ ድርጅት ኃላፊ ነው። ቢሮው ታድሷል። የታደሰውም «ከወረርሽኙ በኋላ ላለ ሠራተኛ እንዲመች» ተብሎ ነው።

እውነቱን ለመናገር ያምራል። ግድግዳው ፈርሶ መስታወት ገብቶበታል። በየጥጉ አበባ ተቀምጧል። ቁልፉን ሲጫኑት ማኪያቶ የሚሰጥ ማሽን ቆሟል። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ ባለቀለም ሶፋዎች ተደርድረዋል። «ሠራተኛው ሲደክመው እዚህ አረፍ ይላል» አለኝ ወዳጄ። ሶፋው ላይ ማንም አልነበረም። ፕላስቲኩ እንኳ ገና አልተነሣለትም።

መጸዳጃ ቤት ፍለጋ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና መወልወያ በተደገፈበት ጥግ፣ አንዲት እናት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሲያዩኝ ደንግጠው ሊነሡ ሲሉ፣

«አይነሡ እማማ፣ በሞቴ!» አልኳቸው።

«እንብላ የኔ ልጅ። ቁጭ በል እንዳልልህ መቀመጫ የለኝም።»

«ምነው፣ ላይ ያ ሁሉ ሶፋ አለ አይደል እንዴ?»

ሳቅ አሉ። «እሱማ ለሠራተኛ ነው» አሉኝ።

«እርስዎስ ምንድን ነዎት?» ልላቸው ፈለግሁና አፈርኩ። እሳቸው ግን ጨዋታውን ቀጠሉ። «በኮሮና ጊዜ ጥሩ ነበር። መስኮት ያላት ክፍል ለብቻዬ ሰጥተውኝ ነበር። ወንበርም ነበረኝ። ሳሙናው በሽ ነው። በታክሲ እንዳልጋፋ ብለው ሰርቪስ ላይ አሳፈሩኝ። ኋላ ኮሮና ሄደ ሲባል ክፍሏም፣ ወንበሩም፣ ሰርቪሱም አብረው ሄዱ።»

«ለምን ወሰዱብዎት?»

«ያኔማ ይፈሩኝ ነበራ፣ ልጄ!»

የኮሮና ዘመን የናፈቀው ሰው ሳገኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ዘመኑን መቼም አንረሳውም። የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ወር ብዙ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤታቸው እንዲሠሩ ተባለ፤ ወሩ ሳያልቅም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲው በግማሽ ጫነ። በየበሩ ባለቧንቧ በርሜልና ሳሙና ተተከለ። ለዓመታት «አይቻልም» ሲባል የኖረው ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ተቻለ። የሠራተኛው ትንፋሽ፣ የሠራተኛው እጅ፣ የሠራተኛው መሳፈሪያ የአለቃው ጉዳይ ሆነ። የዓለም የጤና ድርጅት የኮቪድን ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ደረጃ ያነሣው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በርሜሎቹ ግን ከዚያ ቀድመው ነበር የደረቁት።

እስቲ እንጠያየቅ። ያ ሁሉ ደግነት ነበር ወይስ ፍርሃት?

የጎረቤቱ ቤት ሲቃጠል ውኃ ይዞ የሚሮጥ ሰው ለጎረቤቱ አዝኖ ሊሆን ይችላል። የራሱ ቤት ተያያዥ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። እሳቱ እየነደደ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለዩት በማግሥቱ ነው። በማግሥቱ መጥቶ «ሌሊቱን የት አደራችሁ?» የሚለው ያዘነው ሰው ነው። እኛ አሁን ያለነው ከእሳቱ ማግሥት ላይ ነው።

ወደ ላይ ተመልሼ ይህንኑ ለወዳጄ አነሣሁበት። ኮስተር አለ። «ይኼ ድርጅት እንጂ የበጎ አድራጎት ማኅበር አይደለም። ደግሞስ የሁሉን ሰው ፍላጎት ማን ይችለዋል? አንዱ መስኮት ይከፈት ሲል ሌላው ነፋስ መታኝ ይላል» አለኝ።

የመስኮቱ ነገር ልክ ነው። ሰው ከእነላቡ ታሽጎ እየሄደ «ዝጉት፣ ብርድ ገባ!» የሚባልበትን አውቶቡስ ሁላችንም ተሳፍረንበታል። ከቤት መሥራትም እንዲሁ ነው። ለአንዱ እፎይታ ነው። በአንዲት ክፍል ከሦስት ልጆች ጋር ለሚኖረው፣ መብራት ቶሎ ቶሎ ለሚጠፋበት ደግሞ ቅጣት ነው። ለጽዳት ሠራተኛዋና ለጥበቃው ጭራሽ ጥያቄም ሆኖ አያውቅ። ወለል በስልክ አይወለወልም።

ግን ፍላጎት ከሰው ሰው የሚለያይ ከሆነ፣ መፍትሔው ሰውን መጠየቅ እንጂ መተው አይደለም። «ይህን ሁሉ ስታድሱ ሠራተኛውን ጠየቃችሁ?» አልኩት። «አርክቴክቱ ጥናት አቅርቧል» አለኝ።

የጎደለን ሕግ አይመስለኝም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ያዝዝ ነበር። ይኸው በስንቱ ሕንፃ መወጣጫው ተሠርቶ ሞተር ሳይክል ይቆምበታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ደንግጎ ነበር። ያዘጋጁ አሉ፤ ይመስገኑ። በሌላው ቤት ግን አራስ ቤት የቆየች እናት ስትመለስ መዝገብ ቤት ገብታ፣ በሯን ቆልፋ፣ በፋይል መሐል ጡቷን የምታልብ ስንት አለች? ሕግ ክፍል አስከፍቶ ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ወንበር ጎድሎ እንደሆነ የምታውቀው ግን የምታጠባዋ እናት ናት።

አልቫር አልቶ የሚባል የፊንላንድ አርክቴክት ነበር። ፓይሚዮ በሚባል ቦታ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሠራው ሆስፒታል በ1933 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ያኔ ለበሽታው ፈዋሽ መድኃኒት አልነበረም፤ ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ ይተኛል። አልቶ ክፍሉን የነደፈው በሩ ላይ ቆሞ ለሚያይ ጎብኚ አልነበረም። አልጋው ላይ በጀርባው ለተኛው ነው። የተኛ ሰው የሚያየው ጣሪያ ነውና ጣሪያውን ዓይን በማይወጋ ጠቆር ያለ ቀለም አስቀባው። መብራቱን ከሕመምተኛው ዓይን አራቀው። የእጅ መታጠቢያው ሳይቀር አንዱ ሲታጠብ የውኃው ድምፅ የክፍል ጓደኛውን እንዳይቀሰቅስ ሆኖ ነው የተሠራው። ይህን ሁሉ ለማሰብ ሰውየው በሐሳቡ አልጋው ላይ መተኛት ነበረበት።

የእኛ ቢሮዎች የሚነደፉት ቆሞ ለሚጎበኝ ሰው ነው። እኔም ጎብኚ ነበርኩና አማረልኝ። ባልዲው ላይ ተቀምጦ ያየው ግን የለም።

ወዳጄን ይህን ብዬው ተለያየን። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ደስ ብሎታል።

«ሴትየዋን አሰብኩላቸው! ከሶፋዎቹ አንዱን አስወረድኩላቸው።»

«ወዴት?»

«እዚያው ነዋ፣ ከደረጃው ሥር።»

ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ግን ከባልዲ ሶፋ ይሻላል፤ ጅምርን አላጣጥልም። «ጎሽ» አልኩት። «አሁን ደግሞ አንድ ነገር ቀርቶሃል። ውረድና አጠገባቸው ቁጭ በል፤ ምን እንደሚፈልጉ ራሳቸውን ጠይቃቸው።»

ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርክ ይሁን ሐሳብ፣ እንጃ።